ለማርማላታ የሚመጡ ካርዶች

ማርማላታ መታመሟን ያወቅነው መስረቅ ስታቆም ነው።

ፌሬት ያሳደገ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ወገበ ረጅም፣ እግረ አጭር፣ ሽለምጥማጥ መሳይ ፍጥረት ቤቱ ያለች ሰው ካልሲው የራሱ አይደለም። ማንኪያውም፣ የመኪና ቁልፉም፣ መነጽሩም ተጎትቶ አንድ ጥግ ይገባል። የእኛዋ የሰረቀችውን ሁሉ የምታከማቸው ከእናቴ የልብስ ስፌት መኪና ሥር ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች ተንበርክካ እያወጣች "አንቺ ሌባ፣ ይሄንንም?" ስትል፣ ያቺ ብርቱካናማ ሌባ ትከሻዋ ላይ ወጥታ ጆሮዋን ታሸታት ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ የመንበርከኩ ሥራ ወደ አባቴ ዞረ። ጉልበቱን ያመዋል፣ ይራገማል፣ ግን ሌላ ሰው አያስነካም።

በዚያ ፀደይ የስፌት መኪናው ሥር ባዶ ሆነ። ካልሲዎቻችን ባወለቅንበት ያድሩ ጀመር። እኔና አባቴ ይህን አይተን እርስ በርስ ተያየን።

ሄዘር ሃርግሪቭስ እባላለሁ። ስኬልቤክ በምትባል መንደራችን ውስጥ በዓሣና ድንች መጥበሻ ቤት እሠራለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ድመት ሁሉ ይከተለኛል። አባቴ ኖርማን ዕድሜውን ሙሉ ጥንቸል አዳኝ ነበር። ፌሬቶቹን ጉድጓድ ውስጥ ይሰዳል፣ ጥንቸሎቹ ደንብረው ሲወጡ የጉድጓዱ አፍ ላይ የተዘረጋው መረብ ይይዛቸዋል። የሚያድንበት መሬት የፔምበርተኖች ነበር። ከመንደራችን በላይ ኮረብታው ላይ ያለው ትልቅ ቤት የእነሱ ነው፤ ኮረብታውም የእነሱ ነው። አንድ ቀን ሽማግሌው ፔምበርተን ጥንቸል በጋዝ የሚጨርስ ድርጅት ቀጠሩና አባቴን "እናመሰግናለን ኖርማን" ብለው ሸኙት። እጃቸውን እንኳ ከኪሳቸው አላወጡም ይላል። ከዚያ ወዲህ ያ ስም በገበታችን ላይ ከተነሳ አባቴ ሹካውን ያስቀምጣል።

እኔ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ የወደድኩት የፔምበርተንን ልጅ ነው።

ሲሞን የእንስሳት ሐኪም ነው። የአባቱን መሬት ትቶ ገበያው አጠገብ ትንሽ ክሊኒክ ከፍቷል። ዓርብ ዓርብ ዓሣ ሊገዛ ይመጣል። አጠገቤ ያለችው ልጅ ወረፋዋ ባዶ ሆኖ "እዚህ ጋ ይምጡ" ስትለው "ግድ የለም" ብሎ የኔን ይጠብቃል። ዓሣውን ስጠቀልል የሚያየው ዓሣውን አይደለም። "ኮምጣጤ ልጨምር?" ስለው "ጨምሪ" ይላል። እጨምራለሁ። "ይብቃ?" ስለው "ትንሽ ጨምሪ" ይላል። አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ ሆነን ከርመን፣ በኋላ ግድቡ ዳር ጎን ለጎን ስንሄድ ኮምጣጤ እንደማይወድ ነገረኝ።

አባቴ እዚያው ግድብ ዳር እጅ ለእጅ ተያይዘን አየን። አልጮኸም። ቢጮህ በተሻለኝ ነበር።

"የፔምበርተን እግር በዚህ በር አይገባም" አለ ማታ ሾርባውን እያየ። "ደብዳቤውም አይገባም።"

"አባዬ፣ እኔ እኮ ልጅ አይደለሁም።"

"አውቃለሁ። ከፈለግሽ ሂጂ። በሩ አልተቆለፈም።"

እናቴ ከሞተች በኋላ ግማሽ ሰው ሆኖ ነው የቀረው፤ ካላቀረብኩለት አይበላም። እንዴት አድርጌ ልሂድ? ለሲሞን "ጠብቀኝ" አልኩት። "እጠብቃለሁ" አለኝ። ስልክም አላበዛንም፤ እሱ የሰረቀ እንዳይመስለው፣ እኔም የከዳሁ እንዳይመስለኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ፖስተኛው ካርድ ጣለ። የእንስሳት ክሊኒኮች የክትባት ማስታወሻ የሚልኩት በእንስሳው ስም ነው፤ የጎረቤታችን ውሻ ከጎረቤታችን የበለጠ ፖስታ ይደርሰዋል። ካርዱ ላይ "ለወይዘሪት ማርማላታ ሃርግሪቭስ" ይላል። አባቴ ገለበጠው፣ አሸተተው፣ ጽሕፈቱን አወቀው። ሊቀደው ነው አልኩ።

"የእሷ ደብዳቤ ነው" አለ በመጨረሻ። "የሌላ ሰው ደብዳቤ ቀድጄ አላውቅም።"

ማርማላታን ጭኑ ላይ አስቀመጠና መነጽሩን አድርጎ አነበበላት። "ውድ ማርማላታ፣ ጥፍርሽን የምትቆረጪበት ጊዜ ደርሷል። ትናንት ግድቡ ዳር ብቻዬን ሄድኩ። ዳክዬዎቹ ፈልፍለዋል። ከጫጩቶቹ አንዷ ከሌሎቹ ወደኋላ እየቀረች እናቷን ታናድዳለች። አንድ የማውቃት ሰው ብታያት ትስቅ ነበር። አክባሪሽ፣ ሲሞን።"

አባቴ ካርዱን አጥፎ አሰበ። "ፌሬት ስለ ዳክዬ ምን አገባት?"

"ዳክዬ ትበላለች እኮ አባዬ።"

"እሱስ እውነትሽን ነው።" ካርዱን ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አቆመው።

ከዚያ በኋላ ካርዶቹ መምጣታቸውን አላቋረጡም፤ የጆሮ ጽዳት፣ የቁንጫ መድኃኒት፣ የክብደት ምዘና። አንድ ፌሬት ይህን ያህል እንክብካቤ እንደሚያስፈልጋት ማንም አያውቅም ነበር። አባቴ ሁሉንም ጮክ ብሎ ያነብላታል፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ድንች እልጣለሁ። አለቅሳለሁም፤ ግን እንደዚያ እያለቀስኩ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

*

መስረቋን ካቆመች በኋላ መጀመሪያ የጭራዋ ፀጉር ረገፈ። ያ እንደ ቀበሮ የሚያምር ጭራ የአይጥ ጭራ መሰለ። ከዚያ መላጣው ወደ ወገቧ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ታካለች፣ ደክማ ትተኛለች፣ ተነስታ እንደገና ታካለች። አባቴ ገልብጦ ከጭራዋ ሥር አያትና ፊቱ ጠቆረ።

"አብጣለች። ወንድ ፈልጋለች" አለ።

"አባዬ፣ እንዳትወልድ ተደርጋ እኮ ነው!"

"እሱን ነው የምልሽ! ወንድ የምትፈልግበት ዕቃ ከውስጧ ከወጣ ምኗ ነው የሚያብጠው? ያ የፔምበርተን ልጅ ግማሹን ረስቶ ሰፍቷታል። አባትየው ከሥራ አባረረኝ፣ ልጅየው ደግሞ የኤልሲን ፌሬት..." አልጨረሰውም።

ኤልሲ እናቴ ናት። ማርማላታን በጠርሙስ ጡጦ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ያንን ቀዶ ጥገናም ሲሞን ያደረገላት እናቴ ታማ በነበረችበት ሰሞን ነው። ፌሬት የሚያረባ ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር አለ። ሴቷ ወንድ ፈልጋ ካላገኘች ያ ነገር ከላይዋ አይወርድም፤ ደሟ እየሳሳ ትሞታለች። ለዚህ ነው በየመንደሩ ዘሩ የተቋጠረ አንድ ወንድ የሚቀመጠው። ሴቷን ያረጋጋታል፣ ግልገል አይመጣም። የመንደራችን ወንድ የአባቴ ጓደኛ የሲሪል ነው፤ ስሙ ሻምበል። ሲሪል እንደ ፈረሰኛ ይኮራበታል።

"ወደ ሻምበል እወስዳታለሁ" አለ አባቴ።

"መጀመሪያ ሐኪም ይያት።"

"ሐኪም አይቷት ነው እንዲህ የሆነችው።"

ዓርብ መጣ። ሲሞን እንደ ወትሮው ወረፋዬ ላይ ቆመ። ዓይኖቹን ሳይ ስንጥቅ ይል የነበረው ልቤ ያን ቀን በጥርጣሬ ተይዞ ነበር። ስለ ኮምጣጤ አልጠየቅኩትም።

"ማርማላታን ስትሰፋት ረስተህ የተውከው ነገር አለ?" አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። "ምን ሆነች?"

"ጭራዋ ተመልጧል። ከታች አብጣለች። አባቴ..."

"ታካለች?"

"ሲሞን፣ የጠየቅኩህን መልስልኝ።"

"ሳላያት ምን ብዬ ልማልልሽ? የረሳሁ አይመስለኝም። ግን ሰው ነኝ ሄዘር፣ በባዶ ሜዳ አልምልም። አምጪያት። አሁኑኑ አምጪያት።"

"አይመስለኝም?" አልኩ። ከመልሱ ውስጥ የሰማሁት ያቺን ብቻ ነው። "የእናቴ ናት እኮ። አይመስለኝም ነው የምትለኝ?"

ከኋላው የቆመችው ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። ሲሞን ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ ቀስ ብሎ አናገረኝ። "አባትሽ ቢጠረጥረኝ አይገርመኝም። አንቺስ?"

"አላውቅም" አልኩ።

ይህን ቃል መልሼ ብውጠው ምንኛ ደስ ባለኝ። ሲሞን ራሱን ነቀነቀ፤ አልተቆጣም፤ ዞሮ ወጣ። ዓሣው ባንኮኒው ላይ ኮምጣጤ ሳይነካው ተጠቅልሎ ቀረ። ዘይቱ ወረቀቱን እስኪያርሰው ድረስ እያየሁት ቆሜ፣ የገዛ አፌን ጠላሁት።

*

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አባቴ ደጃፉ ላይ ካፖርቱን አቅፎ ተቀምጧል። ካፖርቱ ውስጥ ማርማላታ አለች። አንገቷ ደም ነው።

ወንዱ ሴቷን የሚይዘው ማጅራቷን ነክሶ ነው፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ጤነኛ ፌሬት ወፍራም ቆዳና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ስላላት ምንም አትሆንም። የማርማላታ ቆዳ ግን በበሽታው እንደ ወረቀት ሳስቶ ነበር። ሲሪል ጮሆ ወዲያው ቢለያያቸውም ሻምበል ቀድሞ ቀዷታል።

"ሄዘር" አለ አባቴ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። "እናትሽ አደራ ያለችኝን ገደልኩ።"

የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁ።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ፔምበርተን። ትመጣለህ ወይስ ካፖርቱን ትሰጠኛለህ?"

ተነሳ። መንገዱን ሁሉ ካፖርቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ በሹክሹክታ ያወራታል። የሚለውን አልሰማሁም፤ መስማትም አልነበረብኝም።

ሲሞን በሩን ከፍቶ እኔን አየኝ፣ አባቴን አየ፣ ካፖርቱን አየ። ስለ ትናንቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። "ወደ ውስጥ" አለ ብቻ።

"ዶክተር ፔምበርተን" አለ አባቴ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በዚያ ለጌቶች በሚያስቀምጠው ደረቅ ድምፁ። "ይመልከቱልኝ።"

ቁስሉን አጠበ፣ ሰፋ፣ ፈሳሽ ሰጣት። ጣቶቹ ሲሠሩ ዝም ብዬ አየኋቸው። መተንፈሷ ሲስተካከል ሆዷ ላይ ቅባት ቀብቶ የአልትራሳውንድ መሣሪያውን አስኬደና ማያውን ወደ አባቴ አዞረው።

"ይህ ኩላሊቷ ነው። ከራሱ ላይ ያለችውን ያዩዋታል? አድሬናል የምትባል እጢ ናት። የሩዝ ፍሬ ማከል ነበረባት፤ አተር አክላለች። ከልኩ በላይ የሴት ሆርሞን የምትረጨው እሷ ናት። ፀጉሯን የሚያረግፈው፣ የሚያሳክካት፣ ወንድ የፈለገች የሚያስመስላትም ያው ነው። ሻምበል ቢመጣ፣ ጄኔራል ቢመጣ ለዚህ አይረዳትም።"

"የተረሳ ነገር የለም ማለት ነው?" አልኩ።

"የተረሳ የለም። አሁን አየሁት፣ አሁን እምላለሁ።"

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አባቴም ባርኔጣውን እጁ ላይ ያሽከረክራል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሲሞን ነጻ ነበር። ጥፋቱ የሻምበል፣ የአባቴ፣ የእኔ ሆኖ ይቀር ነበር። እሱ ግን ጓንቱን አወለቀና አባቴን ፊት ለፊት አየው።

"አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ አቶ ሃርግሪቭስ። ይህ በሽታ እንዳይወልዱ በተደረጉ ፌሬቶች ላይ ይበዛል። እንቁላል የሚሠራው ክፍል ሲወጣ አንጎሏ ይህን አያውቅም፤ 'ሥራ፣ ሥራ' እያለ ማዘዙን ይቀጥላል። ትእዛዙን የሚሰማው ሲያጣ ይህችን እጢ ሲጎተጉታት ይኖራል። በደንብ ሰፍቻታለሁ። ግን ለበሽታው በሩን የከፈተው ያ ቀዶ ጥገና ሊሆን ይችላል። ይደረግላት ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ። በዚህ ቢጠሉኝ እውነት አለዎት።"

አሁን አለቀ አልኩ፤ አባቴ ካሁን በኋላ ስሙንም አያስጠራኝም አልኩ።

አባቴ ባርኔጣውን ማሽከርከር አቆመ። ከዚያ "ትዋሻለህ" አለ።

"አባዬ!"

"አንቺ ዝም በይ። ይዋሻል።" ደረቁ የጌቶች ድምፅ ጠፍቷል። "የዚያን ቀን እዚያ በር ላይ ቆሜ ነበር። ኤልሲ ሻርፗን መኪና ውስጥ ረስታ ላቀብላት ስመጣ ሁሉን ሰማሁ። አንተ 'ቢላዋው ይቆይ፣ በመርፌ ብናደርገው ይሻላል' አልካት። ደጋግመህ አልካት። እምቢ ያለችው እሷ ናት። 'እኔ ስሄድ ኖርማን በየፀደዩ ወደ ሲሪል እየተመላለሰ አይለፋ፤ አንድ ጊዜ ይገላገል' አለችህ። ለእኔ ብላ ነው።" ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገ። "ለምን ነው የምትዋሸኝ፣ አንተ ልጅ?"

ሲሞን ማርማላታን እያየ መለሰ። "እሷ እዚህ የለችም። 'እኔ እኮ እንዲህ አስቤ ነው' ብላ ልታስረዳዎት አትችልም። እኔ እችላለሁ።"

አባቴ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እናቴ ስትቀበር ያላለቀሰው አባቴ፣ የውሻና የድመት ሥዕል በተለጠፈበት ክፍል ውስጥ እንደ ልጅ አለቀሰ።

"በእሷ መናደድ አልቻልኩም" አለ። "ስለዚህ በአንተ ተናደድኩ። አንተ ቅርብ ነበርክ፤ ስምህም ይመች ነበር።"

ሲሞን የወረቀት መሐረብ ሰጠው። እኔም ተራዬ እንደደረሰ ገባኝ።

"ሲሞን፣ ትናንት ያልኩህ..."

"ቆይ" አለኝ። ዓይኖቹ ግን ቆይ አላሉኝም። "አሁን አንድ ሥራ አለን። የሚይዛት ሰው እፈልጋለሁ፤ የአባትሽ እጅ ይንቀጠቀጣል።"

መድኃኒቱ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ነው። በወፍራም መርፌ ከትከሻዎቿ መሐል ከቆዳዋ ሥር ይቀበራል፤ እዚያ ተቀምጦ የአንጎሏን ጉትጎታ ዝም ያሰኘዋል። ማርማላታን በሁለት እጄ ያዝኩ። እሱ ቆዳዋን ሲያነሳ ጣቶቹ ጣቶቼ ላይ አረፉ፣ መርፌው ከወጣም በኋላ አላነሳቸውም። እኔም አላስነሳሁትም።

"መጀመሪያ ሰሞን ሊብስባት ይችላል፤ እንዳትደነግጡ" አለ ወደ አባቴ ዞሮ። "እጢው አይጠፋም፣ ግን ዝም ይላል። ኃይሉ ሲያልቅ ሌላ እናስገባላታለን። ሙሉ በሙሉ ትድናለች አልልዎትም፤ በደስታ ትኖራለች ነው የምለው።"

"በደስታ መኖር ይበቃል" አለ አባቴ።

ስንወጣ በሩ ላይ ዞር ብዬ አየሁት። ከኮምጣጤው ዘመን ጀምሮ ስወደው ኖሬያለሁ፤ ማንን እንደወደድኩ በትክክል ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው።

*

እንዳለውም መጀመሪያ ባሰባት። እብጠቱ ጨመረ፣ የቀረችውም ፀጉር ረገፈች፣ ጆሮዋና አፍንጫዋ ብቻ ፀጉር ይዘው ቀሩ። አባቴ ግን አልደነገጠም። የእናቴን የሱፍ ሹራብ አውጥቶ አንዱን እጅጌ ቆረጠና ለማርማላታ ልብስ አደረገላት። ያንን ሹራብ እኔ እንድለብሰው እንኳ አይፈቅድም ነበር። በፈጨው የጥንቸል ሥጋ ላይ የእንቁላል አስኳል እየጨመረ በማንኪያ ያጎርሳታል። እምቢ ስትል "ለእኔ ስትይ" ይላታል፤ ለእሱ ስትል ትበላለች።

ካርዶቹ ቀጠሉ። "ውድ ማርማላታ፣ ትዕግሥት ከባድ መሆኑን እኔም አውቃለሁ" የሚል አንድ መጣ። አባቴ አነበበላትና ከመነጽሩ በላይ እኔን አየኝ። "ይሄ ልጅ ለፌሬት ብዙ ያስባል" አለ። ጺሙ ሥር ፈገግታ ነበር።

ቀኑ ረዘመ፤ የአትክልቱ ቦታ ባቄላ አበበ። አንድ ጠዋት አባቴ ከሳሎን ጠራኝ፤ "ነይ! ነይ እዪ!" ሹራቧን አውልቆላት መስኮቱ ሥር አስቀምጧታል። ጀርባዋ ላይ እንደ ኮክ ፍሬ ለስላሳ ነገር ወጥቷል። በጣቴ ነካሁት። አባቴም በጣቱ ነካው። ሁለታችንም ተራ በተራ ስንነካካት ቆየን።

ከዚያም የበጋው ወራት ሊያልቅ ሲል፣ አባቴ በአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ባዶ እግሩን እያነከሰ ወጥ ቤት ገባ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ፊት ያበራል።

"ሄዘር! ሰረቀችኝ! ጫማዬን ሰረቀችኝ!"

ተቃቅፈን ዘለልን። ጎረቤት ቢያየን ምን ይል ነበር?

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ቴምብር ጠየቀኝ። አባቴ ደብዳቤ አይጽፍም፤ የልደት ካርድ እንኳ እናቴ ነበረች የምትጽፍለት። ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሲሄድ አየሁት። በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈቱ እንዲህ ይላል። "ውድ ዶክተር ሲሞን፣ ፀጉሬ በቅሏል። እሁድ ምሳ ላይ መጥተህ እየው። ሽማግሌው ሥጋ ይጠብሳል። ልጅቱም ትኖራለች። አክባሪህ፣ ማርማላታ።"

ካርዱን ደረቴ ላይ አድርጌ ከእናቴ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀመጥኩና "ሰማሽ?" አልኳት።

*

እሁድ ሲሞን በሩ ላይ ሲቆም ፀጉሩን እንደ ተማሪ አበጥሮ፣ በእጁ የብርቱካን ማርማላታ ጠርሙስ ይዞ ነው። "እናቴ ናት የላከችው" አለ እያፈረ። እናቱ እኔን "ያቺ የዓሣ መጥበሻ ቤቷ" ነበር የምትለኝ። "የፌሬቷን ስም ሰምታ ነው። ራሷ ነች የሠራችው።" አባቴ ጠርሙሱን ተቀብሎ ብርሃን ላይ አየውና "ለምን ደጅ ትቆማለህ? ግባ" አለው። የፔምበርተን እግር በዚያ በር ገባ፤ ጣሪያውም አልወደቀም።

ሲሪልም ተጠርቶ ነበር፤ ስለ ሻምበል ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ሥጋውን ለሁለት ሰው በላ። ሲጠግብ ወሬው መጣለት።

"በእኛ ጊዜ እኮ" አለ ለሲሞን፣ "የጥንቸል አዳኝ ልጅ የሚፈልግ ወንድ፣ ፌሬት ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣ ታችና ላዩን አስሮ፣ ሳይንቀሳቀስ ይቆም ነበር። ወንድነት እንደዚያ ነው የሚለካ። እኔ ቆሜያለሁ!"

"ቆመሃል" አለ አባቴ ድንች እየጨለፈ። "ለዚህ አይደል ሳታገባ የቀረኸው?"

ሲሞን ውኃ አነቀው። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ከጠረጴዛው ሥር እጁ እጄን ፈልጎ አገኘው፤ ላብ አጥምቆታል። ለምን እንደሚያልበው አልገባኝም ነበር።

ከምሳ በኋላ "አንድ ነገር ከካፖርቴ ላምጣ" ብሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ነጭ ሆኗል። የሱሪ ኪሱን ዳበሰ፤ የኮቱን ኪስ ዳበሰ፤ እንደገና ወጣ፤ እንደገና ገባ።

"ምን ጠፋብህ?" አለው አባቴ።

"ምንም... ትንሽ ነገር ነው። እዚህ ኪሴ ውስጥ ነበር።"

በዚህ ጊዜ ከስፌት መኪናው ሥር ማርማላታ ብቅ አለች። አዲሱ ፀጉሯ ያበራል፣ ጭራዋ የቀበሮ ጭራ ሆኗል፣ ፊቷ ላይ ያ ድሮ የምናውቀው የሌባ እርካታ አለ። አባቴ እሷን አየ፤ ሲሞንን አየ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፎ አንድ ጉልበቱን አስቀመጠ፣ ተራገመ፣ ሁለተኛውን አስቀመጠ። እጁን ከሥር ከተተ። የራሱ ጫማ ወጣ። የሾርባ ማንኪያ ወጣ። የሲሪል ፒፓ ወጣ፤ ሲሪል "አሃ!" አለ። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ የቬልቬት ሳጥን ወጣች፤ ጥጓ ላይ የጥርስ ምልክት አለባት።

ሲሞን ዓይኑን ጨፈነ።

አባቴ ሳጥኗን አልከፈታትም። ሲሞን ላይ አተኩሮ ቆየና እዚያው እንደተንበረከከ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል፤ እየሳቀ ግን ነው።

"ልጄ" አለኝ። "እኔ ከተንበረከኩ በኋላ መነሳት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ታዲያ እኔ ልጠይቅሽ ወይስ ይሄ ልጅ ይምጣ?"

ሲሞን እንዴት እንደደረሰ አላየሁም፤ ብቻ ከአባቴ አጠገብ ተንበርክኮ አገኘሁት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ከታች ወደ ላይ ያዩኛል፤ አንዱ ሳጥኗን ይዟል፣ አንዱ ቃል ጠፍቶታል። ማርማላታ በመሐላቸው ገብታ የሲሞንን የጫማ ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

"እሺ" አልኩ። ማንም ገና አልጠየቀኝም ነበር፤ እኔ ግን መጠበቅ ሰልችቶኛል። "እሺ፣ እሺ፣ እሺ።"

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ያቺን ብርቱካናማ ፍጥረት አነሳኋት። ትከሻዬ ላይ ወጣች፣ ቀዝቃዛ አፍንጫዋን ጆሮዬ ውስጥ ከተተች። የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ድምፁ ግን የእናቴ ነበር፤ አባቴም ሰምቶ ቀና አለ።

"አንቺ ሌባ" አልኳት፣ "ይሄንንም?"